ሳጥኑ የኪዮቶ፣ ጨዋታው የሌላ፦ ኔንቲንዶ ከውጭ ጌም ሠሪዎች ጋር እንዴት ይሠራል?

ፕሌይስቴሽን ቤት ገብታችሁ ኳስ ተጫውታችሁ ታውቃላችሁ? ሳጥኑ የጃፓኑ የሶኒ ነው። ፊፋ የሚባለው የኳስ ጨዋታ ግን የሶኒ አልነበረም። በዚህ ስም ያወጣው የነበረው ኢኤ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ አብዛኛው ሥራ ይሠራ የነበረው ደግሞ ካናዳ ውስጥ ነው። ፔስን ይሠራ የነበረው ኮናሚ ነው፤ እሱም ሌላ ኩባንያ ነው። ብዙ ሰው ይህን ልብ አይለውም። ጆይስቲኩን ይይዛል፣ ይጫወታል፣ በቃ።

ከጀርባው ግን የሚገርም ግንኙነት አለ። ኮንሶል ሠሪው፣ ማለትም የሳጥኑ ባለቤት፣ ያለ ጨዋታ ምንም አይደለም። ባዶ ሳጥን የሚገዛ የለም። ለገበያው የሚበቃ ጨዋታ ብቻውን መሥራትም አይችልም። ስለዚህ የውጭ ሰው ያስፈልገዋል። የውጭው ሠሪ በበኩሉ ሳጥኑ ከሌለ የሚሸጥበት ቦታ የለውም። ሁለቱም ይፈላለጋሉ፤ ጉልበታቸው ግን እኩል አይደለም።

የገንዘቡ አካሄድ እንዲህ ነው። ኮንሶል ሠሪው ከሳጥኑ የሚያገኘው ትርፍ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ አንዳንዴ እንዲያውም በኪሳራ ይሸጠዋል። ዋናው ገንዘብ የሚመጣው ከጨዋታው ነው። የውጭ ኩባንያ ለዚያ ሳጥን ጨዋታ ሠርቶ ሲሸጥ፣ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ለሳጥኑ ባለቤት ድርሻ ይከፍላል። ድርሻው ስንት ይሁን? ጨዋታው በማን ወጪ ይሠራ? ገጸ ባሕሪው የማን ነው? ሥራው መሃል ላይ ቢሰረዝ ማን ይከስራል? ጠቡም ፍቅሩም የሚነሳው ከእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

ይህን ለማየት ከኔንቲንዶ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ1889 ኪዮቶ ውስጥ የካርታ መጫወቻ እያተመ የጀመረ ኩባንያ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ስለ ኔንቲንዶ ሲወራ አንድ ነገር ተደጋግሞ ይነገራል፦ «ጃፓኖች ዝግ ናቸው፣ ከፈረንጅ ጋር መሥራት አይችሉም» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ታሪኩን ተከትላችሁ ስታዩት፣ ያጣላቸው ባህል የሆነበት ጊዜ ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ ጥያቄው ኪሳራውን ማን ይሸከም፣ ውጤቱስ የማን ይሁን የሚል ነው።

ቁልፉ ከየት መጣ?

ታሪኩ የሚጀምረው ከአሜሪካ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካን ገበያ የያዘው አታሪ ነበር። የአታሪ ፕሮግራመሮች የሚሠሩት ጨዋታ በሚሊዮን ዶላር ይሸጣል፤ ስማቸው ግን የትም አይጻፍም። ከእነሱ መካከል አራቱ በ1979 ወጥተው አክቲቪዥን የሚባል ኩባንያ መሠረቱ። ለሌላ ሰው ሳጥን ጨዋታ የሚሠራ የመጀመሪያው ነጻ ኩባንያ እሱ ነው። አታሪ ከሰሳቸው። በ1982 በስምምነት ተፈታ፤ በሩም ለሁሉም ተከፈተ።

ከዚያ በኋላ የሆነው አሳዛኝ ነው። ጌም ሠርቶ የማያውቅ ኩባንያ ሁሉ ጌም ማውጣት ጀመረ። ሱቁ በማይረባ ጨዋታ ተሞላ። ገዢው ደጉን ከክፉው መለየት አቃተው። በ1983 ገበያው ተንኮታኮተ። በአሜሪካ የነበረው የ3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሽያጭ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ወረደ። አታሪ ያልተሸጡ ካሴቶቹን ኒው ሜክሲኮ በረሃ ውስጥ ቀበራቸው። በ2014 ጥቂቶቹ ተቆፍረው ወጥተዋል።

በዚያን ጊዜ የኔንቲንዶ አለቃ ሂሮሺ ያማውቺ ነበሩ። ኩባንያውን ከ1949 እስከ 2002 የመሩ ሰው ናቸው። ያማውቺ ከአታሪ ውድቀት የወሰዱት ትምህርት አንድ ነው፦ የውጭ ሠሪ ካልተቆጣጠሩት ቤቱን ያፈርሳል። ኔንቲንዶ በ1985 ሳጥኑን አሜሪካ ሲያስገባ ውስጡ የቁልፍ ቺፕ ነበረው። ካሴቱ ውስጥ የዚህ ቺፕ ጓደኛ ከሌለ ጨዋታው አይነሳም። ጓደኛውን ቺፕ የሚሠራው ደግሞ ኔንቲንዶ ብቻ ነው።

ቁልፉን የያዘ ሕግ ያወጣል። አንድ ኩባንያ በዓመት ከ5 ጨዋታ በላይ ማውጣት አይችልም። ለኔንቲንዶ የሠራውን ጨዋታ ለ2 ዓመት ለሌላ ሳጥን ማውጣት አይችልም። ካሴቱን የሚያመርተው ኔንቲንዶ ነው፤ ገንዘቡም የሚከፈለው አስቀድሞ ነው። ካሴቱ ካልተሸጠ የሚከስረው የውጭው ሠሪ እንጂ ኔንቲንዶ አይደለም። ፍትሐዊ ነበር? በኔ እምነት አልነበረም። ግን ሠርቷል። የሞተውን የአሜሪካ ገበያ ያስነሳው ይህ ጥብቅ ቁጥጥር ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ሰዉም ማለፊያ ፈለገ። ኮናሚ አልትራ የሚባል ሁለተኛ ስም አወጣና የአምስቱን ገደብ አለፈ። የአታሪ ዘር የሆነው ቴንገን ግን ከዚህ የባሰ አደረገ። መሐንዲሶቹ ቁልፉን መፍታት ሲያቅታቸው፣ ጠበቆቹ አሜሪካ ቅጂ መብት ቢሮ ሄደው ክስ አለብን ብለው በሐሰት የቺፑን ፕሮግራም አወጡ። በ1992 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ከኔንቲንዶ ጎን ቆመ።

እዚህ ላይ ናምኮን ልጥቀስ። ናምኮ የቶኪዮ ኩባንያ ነበር፤ ፓክማንን የሠራ። ለኔንቲንዶ ቀድመው ከደረሱት አንዱ ስለነበር የራሱን ካሴት እንዲያመርት ተፈቅዶለት ነበር። ውሉ በ1989 ሲያልቅ ኔንቲንዶ «እንደ ሌሎቹ ትሆናለህ» አለው። የናምኮው አለቃ በአደባባይ ተቆጡ። ሁለቱም ጃፓኖች ናቸው፣ ቋንቋቸው አንድ ነው፣ የሥራ ባህላቸውም አንድ ነው። ጠቡ ግን ከማንም ፈረንጅ ጋር ከነበረው አያንስም።

ቁልፉን ፈትተው የተጋበዙ እንግሊዞች

ኔንቲንዶ ቁልፉን የሰበሩትን ሁሉ በፍርድ ቤት አላሳደደም። አንዳንዶቹን ወደ ቤቱ አስገባቸው። ከዚህ ታሪክ ሁሉ እኔ የምወደው ይህንን ክፍል ነው።

ሌስተርሻየር፣ እንግሊዝ ውስጥ ክሪስ እና ቲም ስታምፐር የሚባሉ ወንድማማቾች ነበሩ። ኩባንያቸው ሬር ይባላል። የኔንቲንዶን ሳጥን ከጃፓን አስመጥተው ፈቱት፣ አሠራሩን በራሳቸው ተማሩ። ከዚያ የሠሩትን ይዘው ራሱ ኔንቲንዶ ዘንድ ሄዱ። ኔንቲንዶም ፈቃድ ሰጣቸው።

የለንደኑ አርጎናት ታሪክ ደግሞ ይበልጣል። ጄዝ ሳን ገና በልጅነቱ የመሠረተው ኩባንያ ነው። የኔንቲንዶ የእጅ መጫወቻ የሆነው ጌምቦይ ሲበራ የኔንቲንዶን ስም ካሴቱ ውስጥ ካላገኘ አይነሳም። አርጎናቶች ለዚህ ርካሽ ማለፊያ አገኙ። በዚያ ላይ ጌምቦይ ይችላል ተብሎ የማይታሰብ የሦስት አቅጣጫ ምስል በስክሪኑ ላይ አንቀሳቀሱ። ይህን ሠርቶ ማሳያ ኔንቲንዶ አየው። ሊከሳቸው ይችል ነበር። ወደ ኪዮቶ ጠራቸው።

ከተጓዙት አንዱ ዲላን ካትበርት ነው፤ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ኔንቲንዶ በአዲሱ ሱፐር ኔንቲንዶ ላይ የሦስት አቅጣጫ ጨዋታ ፈለገ። አርጎናቶች ሳጥኑ በራሱ አቅም ከዚህ በላይ እንደማይሄድ ተናገሩ። የተሻለ ከተፈለገ አዲስ ቺፕ እንሥራና ካሴቱ ውስጥ እንክተተው አሉ። እስቲ አስቡት፣ ራሱ ለሠራው ሳጥን ሌላ አገር ያሉ ወጣቶች ቺፕ እንሥራልህ ሲሉት እሺ ያለው፣ ያ ለማንም ቁልፉን አልሰጥም ያለው ኩባንያ ነው። ሱፐር ኤፍኤክስ የተባለው ቺፕ እንዲህ ተወለደ።

ጨዋታው ስታር ፎክስ ተባለ፤ በ1993 ወጣ። ካትበርትና ሁለት ጓደኞቹ ኪዮቶ ኔንቲንዶ ሕንጻ ውስጥ ተቀምጠው ፕሮግራሙን ጻፉ። ንድፉን የመራው የማሪዮ አባት ሺገሩ ሚያሞቶ ነው። የጨዋታው ጀግና ቀበሮ ነው፤ ከየት መጣ? ከኔንቲንዶ ብዙም ሳይርቅ ፉሺሚ ኢናሪ የሚባል መቅደስ አለ። የቀበሮ ሐውልቶች አሉት፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀይ በሮችም ተራራው ላይ ተደርድረዋል። ሚያሞቶ ራሱ እንደተናገረው፣ በበሮች መሃል የሚበር መርከብ ሲታሰብ ቀበሮው ትዝ አለው። ሒሳቡ ከለንደን፣ ነፍሱ ከኪዮቶ ሰፈር። አንዱ ያለ ሌላው ይህን ጨዋታ አይሠራውም ነበር።

ሲቀጥል ግን ሌላ ሆነ። ስታር ፎክስ 2 ተሠርቶ አለቀ። ኔንቲንዶ አዲሱ ኔንቲንዶ 64 እየመጣ ስለነበር ሰረዘው። ያለቀ ሥራ መደርደሪያ ላይ ቀረ። ለሕዝብ የወጣው በ2017 ነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ። ጄዝ ሳን በኋላ እንደተናገረው፣ አርጎናቶች ዮሺ የሚባለውን የኔንቲንዶ ገጸ ባሕሪ ይዘው የሦስት አቅጣጫ ጨዋታ ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ ተቀባይነት አላገኘም። ሐሳቡን በራሳቸው አዞ ሠርተው ክሮክ ብለው በ1997 አወጡት፤ ከወጣባቸው ሳጥኖች አንዱ የተፎካካሪው ሶኒ ነበር። አርጎናት በ2004 ተዘጋ።

የሰዎቹ ዕጣ ግን ከኩባንያው ተለየ። የካትበርት ጓደኛ ጋይልስ ጎዳርድ ኔንቲንዶ ውስጥ ተቀጠረ። ሱፐር ማሪዮ 64 ሲከፈት አፍንጫውን ጎትታችሁ የምትጫወቱበት የማሪዮ ፊት የእሱ ሥራ ነው። ካትበርት ወደ ሶኒ ሄደ፤ ከዚያ በ2001 እዚያው ኪዮቶ ውስጥ ኪው ጌምስ የሚባል የራሱን ስቱዲዮ ከፈተ። በ2006 ኔንቲንዶ አዲስ ስታር ፎክስ ሲፈልግ ሥራውን የሰጠው ለእሱ ስቱዲዮ ነው። ኩባንያና ኩባንያ ሲለያዩ ሰውና ሰው አልተለያዩም።

የስታምፐሮቹ ሬር የተሻለ ዕድል ገጠመው፣ ለተወሰነ ጊዜ። በ1994 የኔንቲንዶን ጎሪላ ተረክበው ዶንኪ ኮንግ ካንትሪን ሠሩ፤ ከ9 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ተሸጠ። ኔንቲንዶ ከሬር አክሲዮን እየገዛ 49 በመቶ ደረሰ። ቀሪውን 51 በመቶ ግን ሳይገዛ ቀረ። ጨዋታ መሥሪያ ወጪ እየናረ ነበር፤ ወንድማማቾቹም ገዢ ፈለጉ። መስከረም 2002 ማይክሮሶፍት ሬርን በ375 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ያኔ ውሉ ላይ የተጻፈው ታየ። ጎሪላው ኔንቲንዶ ዘንድ ቀረ፤ ባንጆ የሚባለው ድብ፣ ሬር ራሱ የፈጠረው፣ ወደ ማይክሮሶፍት ሄደ።

ያጣላቸው ምን ነበር?

የባህል ማብራሪያውን ክፉኛ የሚያፈርሰው የስኩዌር ጉዳይ ነው። ስኩዌር ፋይናል ፋንታሲን የሚሠራ የቶኪዮ ኩባንያ ነበር። ከ1 እስከ 6 ያሉት ሁሉ የወጡት በኔንቲንዶ ሳጥን ላይ ነው። 7ኛው ግን ጥር 1997 በሶኒ ፕሌይስቴሽን ወጣ።

ምክንያቱ ዕቃ ነው። ኔንቲንዶ 64 በካሴት ቀጠለ። ትልቁ ካሴት 64 ሜጋባይት ይይዛል፤ አንድ ሲዲ ከ600 በላይ ይይዛል። ፋይናል ፋንታሲ 7 ሦስት ሲዲ ሞልቶ ወጣ። ከመጠኑ ይልቅ ግን ወሳኙ የማምረቻው ነገር ይመስለኛል። ካሴት ውድ ነው፤ ታዞ እስኪመጣ ሳምንታት ይፈጃል፤ ስለዚህ የውጭው ሠሪ ገና ሳይሸጥ ስንት እንደሚሸጥ ገምቶ መክፈል አለበት። ሲዲ ርካሽ ነው፤ ትንሽ ታሳትማለህ፣ ከተሸጠ ትጨምራለህ። ሶኒ ይህን የኪሳራ ሸክም ከጫንቃቸው አወረደላቸው። ያማውቺ በስኩዌር መሄድ እጅግ ተቆጡ፤ ስኩዌር በኔንቲንዶ ቤት እንደገና የታየው በ2002 መጨረሻ ነው።

ሶኒ ራሱ ኮንሶል ሥራ ውስጥ የገባው ከኔንቲንዶ ጋር ተጣልቶ ነው። ሁለቱ አብረው የሲዲ መጫወቻ ሊሠሩ ተስማምተው ነበር። ሰኔ 1991 ቺካጎ ላይ ሶኒ ይህን ባበሰረ ማግስት፣ ኔንቲንዶ ከሆላንዱ ፊሊፕስ ጋር እንደሚሠራ አስታወቀ። ያጣላቸው በሲዲ ላይ ከሚወጡ ጨዋታዎች የሚገኘው ገቢና ሥልጣን የማን ይሁን የሚለው ነው። አስተውሉ፦ ኔንቲንዶ ጃፓናዊውን ጥሎ ፈረንጁን መረጠ።

ባህል ምንም ቦታ የለውም ግን አልልም። አለው፤ ቦታው ግን ሰው ከሚያስበው ይለያል። ቦታውን ለማየት ቴክሳስ፣ ኦስቲን እንሂድ። ሬትሮ ስቱዲዮስ በ1998 በኔንቲንዶ ገንዘብ ተቋቋመ። አራት ጨዋታ በአንድ ጊዜ ጀመሩ። በ2000 ሚያሞቶ መጥቶ አየ። ብዙው አላስደሰተውም። በተጫዋቹ ዓይን የሚታይ አንድ ሙከራ ግን ቀልቡን ሳበው፤ ሜትሮይድ የሚባለውን የኔንቲንዶ ጨዋታ በዚህ ሥሩት አለ። ሌሎቹ አንድ በአንድ ተሰረዙ፤ ሠራተኞችም ተቀነሱ። ከዚያ በኪዮቶና በኦስቲን መካከል ያላቋረጠ የስልክ ስብሰባ ሆነ። በ2002 መጨረሻ የወጣው ሜትሮይድ ፕራይም እስከ ዛሬ ከተሠሩ ምርጥ ጨዋታዎች ተርታ ይጠራል።

እዚህ ያለው ልዩነት ይህ ነው። ኪዮቶ ውስጥ ሥራ ሊያልቅ ሲል እንኳ «ደስ አይልም፣ ከመጀመሪያው እንሥራው» ማለት የተለመደ ነው። የሚሠሩት ቋሚ ደመወዝተኞች ናቸው፤ ፈርሶ ቢሠራም ወሩ ሲደርስ ይከፈላቸዋል። የውጭ ስቱዲዮ ግን የሚከፈለው በየምዕራፉ ነው። ይህን ያህል ካደረስክ ይህን ያህል ገንዘብ ይባላል። «እንደገና» የሚለው ቃል ለኪዮቶው ሰው የጥራት ጥያቄ ነው፤ ለውጭው ስቱዲዮ የሚቀጥለው ወር ደመወዝ ነው። በአንዱ ቤት መልካም ልማድ የሆነው በሌላው ቤት የሰው እንጀራ ይነካል። ባህል የሚጎዳው ውሉ ለዚያ ልማድ ገንዘብ ካላስቀመጠ ነው።

ኔንቲንዶ ይህን ዋጋ ራሱ ሲከፍልም አይተናል። በ2019 መጀመሪያ የኔንቲንዶው ሺንያ ታካሃሺ በቪዲዮ ቀርበው፣ ሜትሮይድ ፕራይም 4 የሚፈለገው ደረጃ ላይ ስላልደረሰ ከሬትሮ ጋር ከዜሮ እንደሚጀመር በግልጽ ተናገሩ፤ ይቅርታም ጠየቁ። ጨዋታው የወጣው በ2025 መጨረሻ ነው። ይህን ያህል መጠበቅ የሚችል ስንት ኩባንያ አለ?

ከቅርብ ጊዜዎቹ ደስ የሚለኝ የሚላኖ ነው። የፈረንሳዩ ኩባንያ የዩቢሶፍት የጣሊያን ስቱዲዮ ማሪዮን ከራሱ ጥንቸሎች ጋር የሚያደባልቅ ጨዋታ ይዞ ኪዮቶ ሄደ። ሚያሞቶ የጠየቀው የተለመደውን የሚዘል ማሪዮ እንዳይሠሩ ነው፤ አዲስ ነገር አምጡ ነው ያለው። የታክቲክ ጨዋታ ሠሩ። ሰኔ 2017 ሎስ አንጀለስ መድረክ ላይ ሚያሞቶ ሲያመሰግነው፣ የጨዋታው መሪ ዳቪዴ ሶሊያኒ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ሲያለቅስ ካሜራው ያዘው። ማሪዮ የኔንቲንዶ እንደሆነ ይቀራል፤ ሥራውን ግን ዓለም የእነሱ ብሎ አወቀላቸው።

የስም ነገር ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። በ2021 የስፔኑ መርኩሪስቲም ለኔንቲንዶ ሜትሮይድ ድሬድን ሠራ። ጨዋታው ሲወጣ የሠሩበት አንዳንድ ሰዎች ስማቸውን መጨረሻው ላይ አጡት። ስቱዲዮው የሰጠው ምላሽ፣ ከጠቅላላ የሥራው ጊዜ 25 በመቶ ያልሠራ አይጻፍም የሚል ነው። ለኔ ይህ ትክክል አይደለም። ሥራው ለአንድ ሰው ቀጣይ እንጀራ የሚያገኝበት ማስረጃ ነው፤ ስም መጻፍ ደግሞ ምንም አያስከፍልም። በ1979 አራቱ ፕሮግራመሮች አታሪን ጥለው የወጡት ከገንዘቡ ሌላ በዚህም ነበር።

የአክሲዮኑ ጥያቄስ? ኔክስት ሌቭል ጌምስ የቫንኩቨር ስቱዲዮ ነው። ከ2005 ጀምሮ ለኔንቲንዶ የማሪዮ ኳስን፣ በኋላም የልዊጂስ ማንሽን ተከታታዮችን በውጭ ሠሪነት ሠርቷል። ባለቤቶቹ አክሲዮናቸውን ሊሸጡ ሲወስኑ፣ ልክ እንደ ስታምፐሮቹ፣ ገዢ መፈለግ ነበረባቸው። በዚህኛው ጊዜ ኔንቲንዶ አላመነታም። በ2021 ሙሉ በሙሉ ገዛው። በይፋ የሰጠው ምክንያትም ቅርብ ግንኙነትና ዕውቀት መለዋወጥ የሥራውን ፍጥነትና ጥራት ይጨምራል የሚል ነው። ከሬር ጋር 49 በመቶ ላይ የቆመው ኩባንያ 19 ዓመት ቆይቶ ለካናዳዎቹ የሙሉውን ዋጋ ከፈለ።